ከጎጃም ሕፃን ይዞ ውጭ አገር መክረም፦ ናይሮቢ፣ ዱባይ፣ ኢየሩሳሌም ወይስ ሩቁ አገር?

ዱባይ ያለው አጎት «ልጆቹን ይዛችሁ ኑና ሁለት ወር ቆዩ» ብሎ ይደውላል። ሜሪላንድ ያለችው እኅት ደግሞ «ትኬቱን ለእኔ ተዉት» ትላለች። ጎረቤት ያሉት እናት ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ ተመዝግበዋል። ናይሮቢ ከርሞ የመጣው የሥራ ባልደረባ ወሬው አላለቀም። በዚህ መሃል የአራት ዓመቷ ልጅ ቀሚስ ትጎትታለች፤ የዓመት ከሁለት ወሩ ጥርስ እያወጣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አገሮቹን ማወዳደር ይጀምራል፤ የትኛው ያምራል፣ የትኛው ስም አለው እያለ። ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ሰባት ሳምንት ናይሮቢ ከርሜ ስመለስ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ሕፃን አገር አይለይም። የሚለየው መንገዱ ማድከሙን፣ የለመደው ምግብ መቅረቡን፣ ማታ የሚተኛበት ክፍል ጸጥ ማለቱን ነው። ስለዚህ እኔ የማወዳድረው ከደጃፋችን ጀምሬ እንጂ ከቦሌ ጀምሬ አይደለም።

እዚህ «መክረም» የምለው ከሦስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ቆይታን ነው፤ «ትንሽ ልጅ» የምለው ደግሞ ስድስት ዓመት ያልሞላውን።

በምን እንለካ?

መለኪያዎቼ ስድስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ከቤት ወጥታችሁ ልጁ አልጋ ላይ እስኪጋደም ያለው ሰዓት ነው። የበረራው ሰዓት ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ከጎጃም አዲስ አበባ ያለውን ግን ማንም አይጽፍላችሁም። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከሆነ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ ወይም ከቡሬ የሚነሳ ቤተሰብ ባሕር ዳር ሄዶ ቢበር ይሻለዋል። እኛ የማርቆስ ሰዎች መሃል ላይ ነን፤ ወደ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ባሕር ዳርም ከዚያ ብዙ አያንስም። ከቢቸና ወይም ከደጀን ለሚነሳ ግን ወደ ኋላ መመለሱ ትርጉም የለውም፤ አባይ በረሃን መውረድ ነው።

ይህን ቁልቁለት ቀላል አታድርጉት። ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከደጀን ወርዳችሁ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ የልጅ ጆሮ ይደፈናል፣ ሆዱም ይገለበጣል። የኔዋ ልጅ ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ ለእሷ ጨዋታ ነበር። ጠዋት ደረቅ ዳቦና ትንሽ ሻይ ብቻ ስጧቸው፤ ወተትና ቅባት ያለው ነገር ይቅር። ፎጣና ቅያሪ ልብስ ደግሞ ጭነት ላይ ሳይሆን እግራችሁ ሥር ይሁን።

ሌላም አለ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት መንገዱ በድንገት ሊዘጋ እንደሚችል ጎጃም የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። አውሮፕላኑ ደግሞ «መንገድ ተዘግቶብን ነው» ብትሉት አይጠብቅም። ስለዚህ ከበረራው ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቀድሞ አዲስ አበባ መግባትን የጉዞው አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ወጪውንም ጭምር።

ሁለተኛው መለኪያ ወረቀት ነው። ሕፃን በእናቱ ፓስፖርት ላይ ተጽፎ አይሄድም፤ አራስ ቢሆንም የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱ ሊኖር ይገባል። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስምንት ዓመት እያለ ይለያያል። ጥቅምት 2014 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2021 ነው፤ ጥር 2014 የተወለደው ግን 2022 ነው። የልጄን ምስክር ወረቀት የሞላልን ሰው ይህን አሳስቶት አንድ ዓመት ጨመረ፤ ለማስተካከል አንድ ወር ተመላለስን። የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። አንዱ ወላጅ ብቻ ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ የሌላውን ፈቃድ በሕግ አረጋግጦ መያዝ ድንበር ላይ ከሚደርስ ጥያቄ ያድናል።

ሦስተኛው ማእድ ቤት ነው። ሆቴል ለሳምንት ይሆናል፤ ለሁለት ወር ግን ገንፎ የምታገነፉበት ምድጃ ከመዋኛ ገንዳ ይበልጣል። አራተኛው ሕክምና፣ አምስተኛው ሂሳብ ነው። ስድስተኛውን ማንም አያነሳውም፤ እኔ ግን ከሂሳቡ አስቀድመዋለሁ፦ ነገር ቢበላሽ በስንት ቀን ቤታችን እንገባለን?

የትኬቱ ሂሳብ እንዴት ይሠራል?

ዋጋው በየቀኑ ስለሚቀያየር በብር አልነግራችሁም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። በዓለም አቀፍ በረራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እቅፍ ላይ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ይከፍላል። ከሁለት እስከ 11 ዓመት ያለው የራሱን ወንበር ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 75 በመቶ ገደማ ነው። ባልና ሚስት፣ የአራት ዓመት ልጅና የዓመት ልጅ ቢሄዱ ድምሩ 2.85 የአዋቂ ትኬት ያህል ይሆናል። ትንሹ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይኸው ቤተሰብ 3.5 ትኬት ይከፍላል። ልዩነቱ በናይሮቢ መስመር ይቻላል፤ በዋሽንግተን መስመር ግን ወገብ ያጎብጣል።

ወጥመድም አለው። ልጁ እዚያ እያላችሁ ሁለት ዓመት ከሞላው ለመልስ በረራው ወንበር ይጠየቅለታል። ልደቱን አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

ለሕፃኑ ከፊት ግድግዳው ላይ የምትንጠለጠለዋን አልጋ የያዘ ረድፍ ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ፤ ጥቂት ናት፣ የክብደት ወሰንም አላት። የጡት ወተትና የሕፃን ምግብ በእጅ ሻንጣ ላይ ከሚጣለው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው፤ ፍተሻው ላይ ለይታችሁ አሳዩ። አውሮፕላኑ ሲወርድ ሕፃኑን ጡት አጥቡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል።

ናይሮቢ

የበረራው ሰዓት ሁለት ገደማ ነው፤ የሰዓት ልዩነት የለም። ልጁ ማርቆስ በሚተኛበት ሰዓት እዚያም ይተኛል። ከፍታዋም ከባሕር ዳር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 1,800 ሜትር አካባቢ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ፣ ማለትም የኛ ልጆች ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ፣ ናይሮቢ ደረቅና ቀዝቃዛ ናት። ሹራብ ያዙ፤ «አፍሪካ ናት፣ ትሞቃለች» ብለን ሄደን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁለት ጃኬት ገዝተናል።

ትልቁ ጥቅሟ ወረቀቱ ነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ኤምባሲ ደጃፍ ላይ መሰለፍ የለም፣ የማይመለስ የማመልከቻ ክፍያ የለም፣ «ልጆቹን ለምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?» የሚል ቃለ መጠይቅ የለም። የሚያስፈልገው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ ዓመት የሞላው ልጅም ይጠየቃል። ክትባቱ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የጉዞ ዋዜማ ላይ መሮጥ አያዋጣም። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በፊት አስር ዓመት ተብሎ የተጻፈባችሁም አትጨነቁ።

ፌስታል ግን እዚህ ተዉ። ኬንያ ከነሐሴ 2009 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክላለች፤ ድርቆሹንና በሶውን በጨርቅ ከረጢት ወይም በዕቃ ያዙ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ እናቴ በሦስት ፌስታል የቋጠሩትን ሽሮ ሌሊቱን በጨርቅ ስትገለብጥ አደረች። እናቴ እስከ ዛሬ «ፌስታል የሚፈራ አገር» ነው የሚሏት።

ኑሮው ለቤተሰብ ይመቻል። ዕቃው የተሟላ አፓርታማ በወር መከራየት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ማእድ ቤት አለ። ኢስሊ ሰፈር እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ ይገኛል። ክፍያው ከሞላ ጎደል በኤምፔሳ ነው፤ በፓስፖርት ሲም ካርድ አውጥታችሁ የመጀመሪያው ቀን ላይ አስመዝግቡ። ከከተማዋ ጠርዝ ላይ አንበሳና ቀጭኔ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ልጄ ቀጭኔን ከቅርብ ባየችበት ቀን ከሰዓት በኋላ አልተኛችም፤ ማታ ግን ያለ ልቅሶ ተኛች፤ ከሰባቱ ሳምንት ይህ ብቻውን ለእኔ በቂ ነበር።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። መኪናው በግራ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፣ የልጁን እጅ አትልቀቁ። ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ አስማሚ ግዙ። ወደ ሞምባሳ ከወረዳችሁ ደግሞ ሙቀቱና ወባው አለ፤ ከናይሮቢ ሞምባሳ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ባቡር አምስት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ለልጅ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ጠይቁ፣ አጎበር አትርሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁን ትኩሳት ቢይዘው የነበራችሁበትን ቦታ ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ።

በየብስ በሞያሌ መሄድስ? ዋጋው ይስባል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከሞያሌ ናይሮቢም እንዲሁ ነው። ለጎረምሳ ይሆናል፤ ፓምፐርስ ለሚቀየርለት ልጅ አይሆንም።

ዱባይ

አራት ሰዓት ገደማ በረራ፣ የአንድ ሰዓት ልዩነት። ከተማዋ ለልጅ ጋሪ የተሠራች ትመስላለች፤ ደረጃ ባለበት አሳንሰር አለ፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ የልጅ መቀየሪያ አለው። ዴይራ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ሕክምናው ጥሩ ነው፤ ያለ ኢንሹራንስ ግን ውድ ነው።

ቪዛ ያስፈልጋል፤ በአየር መንገድ፣ በጉዞ ወኪል ወይም እዚያ ባለ ዘመድ በኩል ይወጣል። ከተፈቀደው ቀን አንድ ቀን ካለፋችሁ ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ 50 ድርሃም ይቆጠራል፤ ለአራት ሰው 200 ማለት ነው። የታመመ ልጅ ይዞ «ነገ እንሄዳለን» ማለት እዚህ ዋጋ አለው።

ሁለት ነገር ግን ዱባይን ከዝርዝሬ ታች ያወርዷታል። አንዱ ወቅቱ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሕፃን ይዞ ቀን ከቤት መውጣት አይቻልም፤ ሁለት ወር የገበያ አዳራሽ ውስጥ መክረም ይሆናል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ግሩም ነው፤ ግን ያኔ ትምህርት አለ። ልጆቻችሁ ገና ትምህርት ቤት ካልገቡ ይህ ችግር አይነካችሁም።

ሁለተኛው አጎት ያልነገራችሁ ነገር ነው። እዚያ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው የሚከራዩት፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ስድስት ሆነው። «ኑ» ሲሉ ከልባቸው ነው፤ ስትደርሱ ግን የምትተኙበት የለም። ከመወሰናችሁ በፊት «አጎቴ፣ ማን ማን ጋር ነው የምትኖረው? ማእድ ቤቱን ማን ማን ይጠቀማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር አይደለም። ደርሶ ማፈር ነው ነውሩ።

መድኃኒት ስትይዙም ተጠንቀቁ። ኮዴን ወይም ትራማዶል ያለበት መድኃኒት በዚያ አገር ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ለወገብ ሕመም የተሰጣችሁን ሻንጣ ውስጥ ረስታችሁ አትሂዱ።

ኢየሩሳሌም

ይህን ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ራሱ ልክ አይደለም የሚሉኝ አሉ፤ መሳለም ነውና። እውነት ነው። ግን ልጆች ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ስላለ ልናገር።

በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቪዛ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ተሳላሚ በጉዞ ወኪል ተመዝግቦ በቡድን ይሄዳል። ቡድን ማለት የራሱ ሰዓት ያለው ጉዞ ማለት ነው፤ አውቶቡሱ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል ከተባለ የሁለት ዓመቱ ልጅ ተኝቶ ቢሆንም ይነሳል። ቆይታው ባብዛኛው ከሁለት ሳምንት ስለማይበልጥ መክረሚያ አይባልም። በዚያ ላይ የአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ በአንድ ሳምንት ሊቀየር ይችላል።

ጥንታዊው ከተማ ደረጃና ድንጋይ ነው፤ ጋሪ አይሄድበትም። እዚህ ላይ የእናቶቻችን አንቀልባ ከማንኛውም የፈረንጅ ጋሪ ይበልጣል። ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ዴር ሡልጣን ገዳማችን ጠባብ ነው፤ ቀዳም ስዑር ዕለት ደግሞ ሕዝቡ መተንፈሻ አይሰጥም። በፋሲካ ሰሞን ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይዞ መሄድን አልመክርም። ለመሳለም ከሆነ ልባችሁ የተነሳው፣ ልጆቹን ለአያት ትታችሁ ሂዱ፤ ወይም ልጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላቸው፣ የሚያዩትን ሲያውቁት።

ሩቁ አገር፦ አሜሪካና አውሮፓ

ሁለቱን አንድ ላይ የማደርጋቸው ለጎጃም ቤተሰብ ፈተናው አንድ ስለሆነ ነው፦ ቪዛው።

የአሜሪካ ሕግ ማንኛውም የጉብኝት ቪዛ ጠያቂ ሊቀር እንደሚሄድ አድርጎ ይጀምራል፤ እንደሚመለስ ማሳመን የጠያቂው ፈንታ ነው። እዚህ ላይ ስለ ልጆች ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲሄዱ «ልጆቻችን እዚህ ናቸው» ማለት ይችላሉ። ሁሉንም ይዛችሁ ስትቀርቡ ይህ ማስረጃ ከእጃችሁ ይወጣል፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ፣ የንግድ ፈቃድ የበለጠ ይፈለጋል። ክፍያው ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ሕፃኑም ይቆጠራል፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር የሚጸና ሆኗል፤ «ቪዛውን አውጥተን እናስቀምጠው» የሚለው የድሮ ስሌት አይሠራም።

ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድ የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ከዚህ ይልቅ ደንቡ ግልጽ ነው። ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት በታች ላለው ነፃ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚወስደውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል፤ ስለዚህ ለክረምት የሚሄድ በጥር በየካቲት መጀመር አለበት።

መንገዱስ? ፍራንክፈርት ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሰዓት ልዩነቱም አንድ ወይም ሁለት ስለሆነ ልጅ በሁለት ቀን ይለምደዋል። ዋሽንግተን ግን ሲሄዱና ሲመለሱ እየተለያየ ከ13 እስከ 17 ሰዓት ይወስዳል፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው። የእንቅልፍ ሰዓት ለመስተካከል በየሰዓቱ ልዩነት አንድ ቀን ገደማ እንደሚወስድ ይነገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ «ምሳ» ይላል፤ እኅታችሁ ደግሞ ጠዋት ሥራ ገቢ ናት። ሦስት ሳምንት ብቻ ከሆነ የምትቆዩት ሲሄዱ አንድ፣ ሲመለሱ አንድ ሳምንት ለእንቅልፍ ገበራችሁ ማለት ነው። አሜሪካ ከስድስት ሳምንት በታች ከልጅ ጋር አያዋጣም።

ዘመዶቻችን እዚያ ሁለት ሥራ ነው የሚሠሩት። ቀን ቀን ቤቱ ውስጥ እናንተና ልጆቹ ብቻ ናችሁ፤ መኪና ከሌላችሁ የትም አትሄዱም። መኪና ውስጥ ልጅ በራሱ የደኅንነት ወንበር መታሰሩ በየግዛቱ ሕግ ነው፤ እቅፍ አይፈቀድም፤ ወንበሩን ዘመድ አስቀድሞ ያዘጋጅ። ኢንሹራንስ ሳይገዙ መሄድ ደግሞ እብደት ነው፤ አንድ የጆሮ ሕመም ለአንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ቢያስገባችሁ የሚመጣው ደረሰኝ የዓመት ደመወዝ ሊበላ ይችላል።

ይህን ሁሉ ብዬም ሩቁን አገር የሚያሸንፈው የለም፣ አንድ ምክንያት ካለ፦ አያቶች እዚያ ከሆኑና የልጅ ልጆቻቸውን አይተው የማያውቁ ከሆነ። ያኔ ይህ ሁሉ መለኪያ ገለባ ነው።

በአንድ ገጽ

| | ናይሮቢ | ዱባይ | ኢየሩሳሌም | አውሮፓ | አሜሪካ |
|---|---|---|---|---|---|
| በረራ ከአዲስ አበባ | 2 ሰዓት ገደማ | 4 ሰዓት ገደማ | 4 ሰዓት ገደማ | 7 ሰዓት ገደማ (ፍራንክፈርት) | ከ13 እስከ 17 (ዋሽንግተን) |
| የሰዓት ልዩነት | የለም | 1 | ከ0 እስከ 1 | ከ1 እስከ 2 | ከ7 እስከ 8 |
| ቪዛ | አያስፈልግም | በወኪል ወይም በዘመድ | ባብዛኛው በቡድን | ግልጽ ደንብ፣ ረጅም ጊዜ | ከባድ፣ እርግጠኛ ያልሆነ |
| ማእድ ቤት | ኪራይ ቤት፣ ቀላል | በዘመዱ ቤት ይወሰናል | የለም ማለት ይቻላል | ዘመድ ካለ | ዘመድ ካለ |
| ለሐምሌና ነሐሴ | ደረቅና ቀዝቃዛ | እጅግ ሞቃት | ሞቃት | ጥሩ | ጥሩ |
| ጋሪ ወይስ አንቀልባ | ሁለቱም | ጋሪ | አንቀልባ | ጋሪ | ጋሪና የመኪና ወንበር |
| የሚያዋጣ ቆይታ | ከ3 ሳምንት ጀምሮ | ከ2 እስከ 4 ሳምንት | 2 ሳምንት | ከ4 ሳምንት ጀምሮ | ከ6 ሳምንት ጀምሮ |
| ነገር ቢበላሽ መመለስ | በማግስቱ | በአንድ ሁለት ቀን | በቡድኑ ቀን | በጥቂት ቀን | ውድና አድካሚ |

የእናንተ ሁኔታ የትኛው ነው?

በደመወዝ የምትኖሩ፣ ውጭ አገር የቅርብ ዘመድ የሌላችሁና ልጆቻችሁ መጀመሪያ ከአገር ሲወጡ ከሆነ፣ ናይሮቢ። ሌላ ማሰብም አያስፈልግም። ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ሰፋ ያለ አፓርታማ ብትከራዩ የቤት ኪራዩ ለሁለት ይከፈላል፤ ልጆቹም ጓደኛ ያገኛሉ። እኛ ባለቤቴ ከእኅቷ ቤተሰብ ጋር ባትስማማ ኖሮ አይሆንም ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከመሄድ በፊት ማወቅ ነው።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ብቻ ያላችሁ ከሆነ፣ ሩቁም ይቻላል። ምግቡ እናቱ ጋ ነው፣ ትኬቱ አስር በመቶ ነው፣ ሌሊት ከቀን አይለይም። ይቺ ጊዜ ከሁለት ዓመት በኋላ አትመለስም። ከባዱ ዕድሜ ከሁለት እስከ አራት ነው፦ ሙሉ ሊባል የሚችል ትኬት ይከፍላል፣ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ካየው በኋላም አያስታውስም። እዚህ ላይ ያለ ልጅ ላለው ዕድሜው እስኪያልፍ ገንዘቡን ማስቀመጥ አንዱ አማራጭ መሆኑን እንዳትረሱ።

በቂ ገንዘብ ያላችሁና ልጆቻችሁ ገና ትምህርት ያልጀመሩ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር ዱባይ። ሦስት ሳምንት ይበቃል፤ ግን የራሳችሁን ባለ ማእድ ቤት ክፍል ተከራዩ፣ አጎት ጋ ምሳ ብቻ ብሉ።

አውሮፓ ያለ ዘመድ ግብዣ ከላከና ሥራችሁ ቋሚ ከሆነ፣ ከአሜሪካ በፊት አውሮፓን ሞክሩ። ዕድሉ ባይሰምር እንኳ ከ6 ዓመት በታች ያሉት ክፍያ አይቆጠርባቸውም።

አያትን ይዞ መሄድስ? እናቴ ከእኛ ጋር ናይሮቢ መጥተዋል። አንድ ትኬት ጨመርን፤ ነገር ግን እኔና ባለቤቴ ማታ ማታ መውጣት ቻልን፣ ልጁም ሌሊት ሲያለቅስ የሚያውቀው ድምፅ ነበር። ለሽማግሌ ግን የመድኃኒታቸውን ዝርዝር፣ የደም ግፊት መለኪያውንና በአየር ማረፊያ የሚገፋ ወንበር አስቀድሞ መጠየቅን አትርሱ። ወንበሩን ሲያመጡላቸው «እኔ ሽባ ነኝ?» ብለው ተቆጡ፤ ቦሌን አቋርጠው በሩ ጋ ሲደርሱ ግን «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው ገፊውን መረቁት።

የምትሄዱበትን ካወቃችሁ መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱን አይታችሁ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር አመሳክሩ። ቀጥሎ ፓስፖርት፤ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። ከዚያ ክትባት፣ ከዚያ ትኬት። ምንዛሪ ባንክ ፓስፖርትና ትኬት አይቶ ነው የሚሰጠው፤ ጣሪያው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ባንካችሁን ጠይቁ። ሻንጣው ላይ ከሁሉ በላይ የሚሆነው የሁለት ቀን ፓምፐርስ፣ አራት አምስት እሽግ ለምለም (ተቅማጥ ሲይዝ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው)፣ ቴርሞሜትር፣ የአጥሚት ዱቄትና ልጁ ያለ እሱ የማይተኛበት ጨርቅ ነው። ለምለሙን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የሚበጠብጡት፤ በብርጭቆ አታድርጉት። ጨርቁን ደግሞ አጥባችሁ አትሂዱ፤ ሽታው ካልቀረ ነው የሚያስተኛው።